ሐምሌ ላይ ፎቶ ማን ይነሳል?

የቤተሰብ አልበም ስታገላብጡ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ሙሽሮቹ ሁሉ የጥር ናቸው፤ የጥር ካልሆኑም ከፋሲካ ወዲህ ያሉት ናቸው። ጃን ሜዳ ላይ ነጭ በነጭ ሆነው የተሰለፉት ጥር 11 የተነሱ ናቸው። አደይ አበባ መሀል ተንበርክካ አበባ የምታሸትተዋ ልጅ (ፎቶ አንሺው «አሽትቺው» ስላላት ነው እንጂ እሷስ አላማራትም) የመስከረም ናት። ሐምሌና ነሐሴ ግን የሉም። ኢትዮጵያን በአልበሞቻችን ብቻ ሊያጠና የተነሳ ተመራማሪ ቢኖር፣ «ይህ ሕዝብ ሰኔ ሲያልቅ በሩን ቆልፎ ይተኛና ለእንቁጣጣሽ ይነቃል» ብሎ ጥናቱን ይዘጋ ነበር።

ሰበብ አይጠፋም። ጭቃው አለ፣ ብርዱ አለ፣ በላይ በላዩ የተደረበው ሹራብ አለ። «ፀጉሬን ተሠርቼ በዚህ ዝናብ?» ላለች ሴት እኔም መልስ የለኝም። ድሮማ ፊልሙ ራሱ ነገር ነበር፤ 36 ፎቶ አንስቶ የሚያልቅ ጥቅል በደመና ቀን የሚጨርስ አባወራ ሚስቱ ትታዘበው ነበር። ስለዚህ ክረምት ላይ ፎቶ የግድ የሆነበት ሰው ፎቶ ቤት ይገባል። እዚያ ዝናብ የለም። መጋረጃው ላይ የተሣለ ፏፏቴ አለ፤ የላስቲክ አበባ አለ፤ ከበሩ ኋላ ደግሞ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ በየተራ ጉርድ ፎቶ የተነሳበት አንድ ኮት ተሰቅሏል። ሙያው በአዲስ አበባ የቆየ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጁ ቶኒም በተራው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ።

ደህና ፎቶ ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ መብራቱ ፊት የተዘረጋችውን ነጭ ጃንጥላ ታስታውሷታላችሁ። ዝናብ በሌለበት ቤት ጃንጥላ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም፤ ሁላችንም የምንጨነቀው ለከረባታችን ነው። ሥራዋ ግን ትልቅ ነው። አምፖሉ ፊትን በቀጥታ ከመታው ግንባር ያብረቀርቃል፣ ዓይን ይጎደጉዳል፣ የአፍንጫ ጥላ ከንፈር ላይ ይወድቃል። ጃንጥላዋ ብርሃኑን ታሰፋዋለች፤ የሰፋ ብርሃን ደግሞ ፊትን ከየአቅጣጫው ስለሚዳስሰው ጥላው ይለሰልሳል። የሐምሌ ደመና የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ደመናው ከአድማስ እስከ አድማስ መዘርጋቱና ኪራይ አለመጠየቁ ነው። እኛ ታዲያ ይህን ትተን ፀሐይ እስክትወጣ እንጠብቃለን።

ፀሐይ ወጣች እንበል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናታችን ብዙ አትርቅም። እንዲያውም ሰኔና ሐምሌ ላይ አልፋን ወደ ሰሜን ትሄዳለች፤ ያኔ የቀትር ጥላችን ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው። ስትመለስ ነሐሴ 22 ገደማ ልክ በመሀል አናታችን ታልፋለች። በመስቀል ሰሞንም ገና እዚያው አካባቢ ናት። «ዘንድሮ ብራ ሆነ!» ብለን በቀትር የተነሳነውን የመስከረም ፎቶ አውጥታችሁ እዩት፤ ዓይን በሚገባበት ቦታ ሁለት ጉድጓድ ይታያል። የተከበሩ አክስቶች በአፍንጫቸው ጥላ ጢም አብቅለዋል። ልጆቹ ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ይህን ነው እንግዲህ ለዓመት የጠበቅነው።

በክረምት ደጅ ላይ ፎቶ ለመነሳት የምንገደደው የምረቃ ቀን ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ያስመርቃል፤ ሰማዩም ያንኑ ቀን ይጠብቃል። 6 ኪሎ ግቢ በር ላይ የሚሆነውን ያየ ሰው ብዙ ነገር ይማራል። ተመራቂው ጥቁር ጋውኑን አጥልቋል፤ ኮፍያው በንፋስ እንዳይሄድ በአንድ እጁ ይዞታል። እናት የሐበሻ ቀሚሳቸውን ጫፍ ከጭቃው ሰብሰብ አድርገዋል። አንዲት የአጎት ልጅ ከላይ ሚኒ ከታች ቦቲ ሆና መጥታለች፤ ማንም ከወገቧ በታች እንዳያነሳት አስጠንቅቃለች። ከዚያ አጎት ይመጣሉ። በየቤተሰቡ አንድ እንደዚህ ያሉ አጎት አሉ። በፊልሙ ዘመን ካሜራ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ስለነበሩ የፎቶ ሥልጣን እስካሁን በእጃቸው ነው።

«ፊታችሁን ወደ ፀሐይ!» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ፀሐይ የለችም እኮ።»

«አንተ ዝም በል፤ እሷ የትም አትሄድም።»

ቤተሰቡ ፀሐይ ፍለጋ አንዴ ወደ ምሥራቅ አንዴ ወደ ምዕራብ ይዞራል። በመጨረሻ አጎት ደረጃው አናት ላይ ያቆሙታል፤ ከበስተኋላው ነጭ ሰማይ ብቻ። «ጠጋ በሉ! ግቡ፣ ግቡ!» ስልኩ ቀጭ ይላል። ሁሉም ለማየት ይሻማል። ፎቶው ላይ ሰማዩ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። የእናት ነጠላ ይታያል። ጥርስ ይታያል። ጋውኑና ፊቱ ግን አንድ ላይ ጠቁረው «የተመረቀው የትኛው ነው?» የሚያሰኝ ሆኗል።

አጎትን አልፈርድባቸውም፤ ጥፋቱ የስልኩ ነው። ካሜራ ያየውን ሁሉ አደባልቆ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይወዳል። ነጭ ከበዛበት «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፤ ጥቁር ከበዛበት ሁሉንም ያነጣል። ማን እንደተመረቀ አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ያንን ነጭ ሰማይ ከፎቶው አውጡት። ደረጃውን ትታችሁ ከበስተኋላችሁ ዛፍ ወይም የድንጋይ ግንብ ይሁን፤ ሐምሌ ላይ ዛፉም ለምልሟል፣ የራሰው ድንጋይም ጠቆር ብሎ ያምራል። ቀጥሎ ስልኩ ላይ የተመራቂውን ፊት በጣታችሁ ንኩ። አብዛኛው ስልክ ላይ አጠገቡ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ብቅ ትላለች፤ እሷን በጣት ወደ ላይ ገፋ ስታደርጓት ፊቱ ይፈካል። አጎት ከጠዋት ጀምሮ ሲፈልጓት የዋሉት ፀሐይ ያለችው እዚያ ነው።

በነገራችን ላይ ካሜራውና ፊልሙ ሲሠሩ የእኛ ፊት ከፊታቸው አልነበረም። ኮዳክ ለአሥርት ዓመታት ፎቶ አጣቢዎች ቀለም የሚያስተካክሉበት ካርድ ያድል ነበር፤ ካርዱ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ በመጀመሪያዋ ሞዴል ስም «ሸርሊ» ይሉት ነበር። ሸርሊ ካማረች ሌላው የራሱ ጉዳይ ነበር። ጎግል በፈረንጆቹ 2021 ፒክስል 6 የተባለውን ስልክ ሲያወጣ የጠቆረ ቆዳን በትክክል ያነሳል ያለውን «ሪል ቶን» ጨምሮበት ነበር። ይመስገን፤ ቢሆንም ጣታችሁን ከፊቱ ላይ አታንሱ።

ወደ ምረቃው እንመለስና፣ ካፊያው ይጀምራል፤ ጃንጥላዎች ይዘረጋሉ። አሁን ነው ጥንቃቄ። ብርሃን በጃንጥላው ጨርቅ አልፎ ሲመጣ የጨርቁን ቀለም ይዞ ፊት ላይ ያርፋል። አረንጓዴ ጃንጥላ ሥር የቆመ ተመራቂ ወባ ያንገላታው መስሎ ይወጣል። ቀይ ሥር የቆመ በቁጣ የቀላ ይመስላል። ሰማያዊውንስ አላነሳውም። ነጭ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ካገኛችሁ ሌላ አትፈልጉ፤ ከጠፋ ጥቁሩን ያዙ፤ ብርሃን ይቀንስ ይሆናል እንጂ ቀለም አይቀባም። ጃንጥላ ጨርሶ ከሌለም ከቆርቆሮ ጣሪያ ጠርዝ ሥር አንድ እርምጃ ገባ ብላችሁ ፊታችሁን ወደ ውጭ መልሱ። ከላይ የሚመጣውን ጣሪያው ይከለክለዋል፤ ከፊት የሚመጣው ለስላሳ ብርሃን ዓይን ውስጥ ሳይቀር ይገባል። የድሮ ፎቶ አንሺዎች ደንበኛን በር ደፍ ላይ የሚያቆሙት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሁለት ነገር ብቻ ልጨምርና ምረቃውን እተወዋለሁ። ስልኩ ሰፊ አድርጎ ሲያነሳ ዳር ላይ የቆመውን ሰው ይለጥጠዋል፤ ስለዚህ ከሲታዎቹ ወደ ዳር፣ አክስቶች ወደ መሀል ይግቡ። ምክንያቱን ለአክስቶች አትንገሩ። ሌላው፣ የስልኩን ሌንስ ጥረጉ። ጠዋት ዶሮ ወጥ የነካ ጣት የተለጠፈበት ሌንስ ላይ ሁሉም ነገር ጭጋግ ይሆናል፤ ሰው ግን ጥፋቱን በሐምሌ ላይ ይደፈድፋል።

ክረምት ላይ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድም አለ። የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ስለሆነ ምርጫ የለውም። ቁምጣ ለብሶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ቦሌ ይወርዳል፤ ቤተሰቡ ጋቢ ይዞ ይቀበለዋል። አንዱን እንዲህ ያለ እንጦጦ ይዘነው ወጣን። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ የባሕር ዛፉ ቅጠል ሁሉ ውኃ አርሶት ስለሚያንጸባርቅ ፎቶ ላይ አረንጓዴነቱ ጠፍቶ ብርማ ሆነ። እሱም ያንን ስንስቅበት የቆየነውን መነጽር አውልቆ ሌንሱ ፊት ደቀነውና ቀስ እያለ አዞረው። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ነጸብራቁ ጥፍት አለ፤ አረንጓዴው ከሥሩ ብቅ አለ። ለካ መነጽሩ ፖላራይዝድ የሚሉት ዓይነት ኖሯል፤ ከእርጥብ ቅጠልና ከረጠበ አስፋልት ላይ የሚመለሰውን ብርሃን ያጣራል። ከዚያ ቀን ወዲህ በሐምሌ ጥቁር መነጽር በሚያደርግ ሰው ላይ አልስቅም፤ አበድረኝ እላለሁ።

እንጦጦ ላይ ከወጣችሁ አይቀር ዝናብ ያባራበትን ሰዓት አትለፉት። በጋው ያከማቸው አቧራ ታጥቦ ስለሚወርድ ሩቁ ይቀርባል፤ ሰማዩ ከፈት ካለ የረር ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ባስ ሲልም ዝቋላ። ቀስተ ደመና የሚፈልግ ሰው ደግሞ ፀሐይን በጀርባው አድርጎ ይቁም፤ በቀትር አይልፋ፣ ፀሐይ ዝቅ ካላለች አይወጣም። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ካፊያው ሳያቋርጥ ምዕራቡ ከበራ ፊታችሁን ወደ የረር መልሱ።

ዝናቡን ራሱን ማንሳት የሚያምረው ሰው አለ፤ መስኮት ላይ ቆሞ ያነሳና «የት አለ ዝናቡ?» ይላል። ዝናብ ነጭ ሰማይ ላይ አይታይም። ከበስተኋላው ጨለም ያለ ነገር፣ ከኋላ ወይም ከጎን ደግሞ የሚመታው ብርሃን ይፈልጋል፤ የመኪና መብራት በሚመጣበት መንገድ ላይ፣ ወይም ጥቁር በር ፊት ለፊት ታገኙታላችሁ። ካሜራው ፍጥነት የሚመረጥበት ከሆነ በሰከንድ 1/500ኛ ጠብታውን አየር ላይ ያቆመዋል፤ 1/60ኛ ክር አድርጎ ይስበዋል። ፍላሽ አታብሩ። ፍላሹ የሚያበራው አፍንጫችሁ ሥር ያለውን ጠብታ ስለሆነ ፎቶው ላይ ነጭ ክብ ክብ ብቻ ይቀራል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የክረምት አዲስ አበባን ለማንሳት ከበቆሎ ጠባሽ የሚበልጥ የለም። ሰዓቱ 12 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ ይደበዝዛል፣ ከሰሉ ይቀላል፤ ሁለቱ ብርሃኖች የሚመጣጠኑባቸው ጥቂት ደቂቃዎች አሉ። እኛ ዘንድ ጀንበር ቀጥ ብላ ስለምትጠልቅ ምሽቱ ቶሎ ይዘጋል፤ ሂሳብ ስትከፍሉ ያልፋችኋል። ሴትዮዋ ላስቲክ ወጥራ ከሥሩ ተቀምጣለች። በግራ እጇ በቆሎውን ታገላብጣለች፣ በቀኝ እጇ የካርቶን ቁራጭ ይዛ ታራግባለች። ስታራግብ ፍንጣሪው ይነሳል፤ ፊቷም ከሥር በኩል ይበራል። ሳይጠይቁ ማንሳት ነውር ነው። ጠየቅኳት።

«እህቴ፣ አንድ ፎቶ ባነሳሽ?»

«እኔን ነው በቆሎውን?»

«ሁለታችሁንም።»

«እንግዲያው ሁለት ግዛ።»

ገዛሁ። ክርኔን የመብራት ምሰሶው ላይ አስደግፌ አነሳኋት፤ በዚያ ብርሃን ስልኩ ጊዜ ወስዶ ስለሚያነሳ ትንሽ የተንቀሳቀሰ እጅ ሁሉን ያበላሻል። «አሳየኝ» አለች። አየችና «ሻሼ ተጣሟል፤ ድገመው» አለች። አስተካከለችና ቀና ብላ ካሜራው ላይ አፈጠጠች። የመጀመሪያው ይበልጥ ነበር፤ ግን በቆሎውን የምትሸጠው እሷ ናት።

ከብርዱ ሮጣችሁ ማኪያቶ ቤት ስትገቡ ሌንሱ ላብ ያወጣል። በሸሚዝ አትሹት፤ ማኪያቶው እስኪመጣ ጠረጴዛ ላይ ተዉት፣ ራሱ ይጠራል። ቤት ለዋለ ሰውም ሥራ አለ። ቡና የሚፈላበትን ረከቦት ወደ መስኮቱ አስጠጉና እናንተ መስኮቱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ቁሙ፤ የዕጣኑ ጭስ ከኋላው ብርሃን ሲያገኝ ብቻ ነው ቅርፅ የሚያወጣው። አምፖሉን አጥፉት፤ የመስኮቱ ብርሃን ሰማያዊ፣ የአምፖሉ ብጫ ሆኖ ፊትን ለሁለት ይካፈሉታል። መብራት ኃይል ቀድሟችሁ አጥፍቶት ከሆነም አመስግኑ።

ደግሞ ክረምት በዓል የለውም ያለው ማነው? የቡሄ ዋዜማ፣ ነሐሴ 12 ማታ፣ ችቦ ይበራል፤ ፍላሽ ያበራ ሰው የችቦውን ነበልባል ገደለው ማለት ነው። ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩትን ልጆች ወደ እሳቱ አስጠጓቸውና ፊታቸውን እሳቱ ይሣለው፤ ካነሳችሁ በኋላ ሳትሰጡ እንዳትገቡ። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ትግራይ ላይ አሸንዳ፣ ዋግ ላይ ሻደይ፣ ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ራያ ላይ ሶለል አለ። እነዚያ ልጃገረዶች ጥልፋቸውንና ጌጣቸውን የሚያወጡት በጥር ፀሐይ አይደለም፤ መስኩ በለመለመበት በነሐሴ ደመና ሥር ነው። ቀለም እንዴት እንደሚያምር ከፎቶ አንሺ ሁሉ ቀድመው አውቀውታል። ጳጉሜን 3 ደግሞ ሩፋኤል ነው፤ ዝናቡ ጠበል ነውና ሰው ወዶ ይወጣበታል። በዓመት ውስጥ ስለ ፀጉሯ የማትማረር ሴት የምታነሱት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስልካችሁን በፌስታል ጠቅልላችሁ ሌንሱ ጋ ቀዳዳ አብጁለት። ውኃ ከገባው አጥፉትና ንፋስ ባለበት ቦታ አቆዩት፤ ሩዝ ውስጥ አትክተቱት። አፕል ራሱ በፈረንጆቹ 2024 አታድርጉ ብሏል፤ የሩዙ ብናኝ ውስጥ ይገባል። ሩዙን ቀቅላችሁ ብሉት።

ከሁሉ በላይ ግን ያነሳችሁትን አሳትሙ። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ውኃ ይገባዋል፤ እናት ደግሞ ግድግዳ ላይ ያልተሰቀለ ፎቶ ፎቶ አይመስላትም። ጊዜ የለኝም የሚል ካለ፣ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ የሚወጣው መስከረም 25 ነው።